ዐቃቤ ሕጓ አማት

ሚራ የደወለችልኝ አውሮራ ውስጥ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። «ዌኒ፣ ማሚጂ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ። በእኛ ደንብ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ጎረቤት ስትገባ ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ይገባሻል፤ ቢያንስ የምትደገፊበት ትከሻ አጠገብሽ አለ። እኔን ግን መርዶው ያገኘኝ በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ሽንኩርት ይዤ ነው። ባለ ሱቁ «እህቴ፣ ልመዝንልሽ?» ሲለኝ ሽንኩርቱን መለስኩለትና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለቅሶዬን አቀለጥኩት።

የሞቱት ሴትዮ ዘመዴ አይደሉም፤ ያገሬ ሰውም አይደሉም። ሱሺላ ይባላሉ፣ ሕንዳዊት ናቸው፣ ሴንቴኒያል ውስጥ ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ሚራ የልጃቸው ሚስት ናት፤ ማሚጂ የምትላቸውም አማቷ ስለሆኑ ነው። እኔ ኬርጊቨራቸው ነበርኩ። በዚህ ሥራ ስንቱን ስናጥብ፣ ስናበላ፣ ደግፈን ስናስኬድ ኖረናል፤ አንዱ ሲሄድ ኤጀንሲው ወደ ሌላው ይልከናል፣ ስማቸውም እየቆየ ይጠፋናል። የእሳቸው ግን ይኸው አልጠፋኝም።

ኤጀንሲው መጀመሪያ ሲልከኝ «ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠግኗል፣ በዎከር ተደግፈው ይሄዳሉ፣ ትንሽ አስቸጋሪ ናቸው» ብሎኝ ነበር። «ትንሽ አስቸጋሪ» ያለው ከእኔ በፊት የተላኩትን ሴቶች ሁሉ ስላባረሩ ነው። በዚያ ቀን ከአውሮራ የወጣሁት በረዶ እየጣለ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋግቶ አርፍጄ ስደርስ ሱፐርቫይዘሬን በሆዴ እየረገምኩ ነው። ኮቴን ሳወልቅ ሳይታወቀኝ አጉረመረምኩ መሰለኝ፣ ከሶፋው ላይ «በማን ነው የተናደድሽው?» አሉኝ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጎንጉነው የጣሉ፣ በሳሪያቸው ላይ የወንድ ሹራብ የደረቡ ሴት ናቸው።

«በአለቃዬ» አልኳቸው።

«ክሱ ምንድን ነው?»

«ሁልጊዜ ታናድደኛለች።»

«‹ሁልጊዜ› ክስ አይደለም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት። ለይተሽ አቅርቢ።»

እኔም እልህ ያዘኝና ለይቼ አቀረብኩ። አለቃዬ፣ ትናንት ማታ፣ በቴክስት፣ የተሳሳተ የቤት ቁጥር ልካልኝ፣ ዛሬ ጠዋት የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሜ ደወል ስደውል ነበር። ጨርሼ ሳየው ነገሩ ትንሽ ሆነብኝ፤ ሳቄም መጣ። እሳቸው አልሳቁም። «አሁን ክስ ሆነ» አሉኝ፣ «አሁን እሷም ልትመልስልሽ ትችላለች።» ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አንድ ክስ ይዤላቸው እገባ ነበር። የመኪናዬን ጋራዥ፣ የአፓርታማዬን ማኔጀር፣ ባሌን። የባሌን ጉዳይ ብዙ ጊዜ በማስረጃ እጥረት ዘግተውታል።

ስሜ ወይንሸት ነው፣ እሳቸው አሳጥረው ዌኒ አሉኝ፤ ሚራም ከእሳቸው ወሰደችው። እኔ ደግሞ እናቴን የሚያህሉ ሴት በደረቁ ሱሺላ ብዬ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ እትዬ ሱሺላ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «በፍርድ ቤት ማዳም ሲሉኝ ኖሩ፣ እዚህ አገር ደግሞ የባንክ ልጅ ሁሉ በስሜ ይጠራኛል። እትዬ ይሻለኛል» አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፣ በሰሜን ሕንድ ባለች አንዲት አነስተኛ ከተማ። በእጃቸው ያለፈው አብዛኛው መዝገብ ደግሞ የጥሎሽ ሞት የሚሉት ነው። ይህን ሲነግሩኝ እኔ አላዋቂዋ ቶሎ ብዬ «ጥሎሽማ እኛም አገር አለ፣ ባሌም አምጥቶልኛል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ባልሽ ነው ያመጣው? ላንቺ?»

«አዎ፤ ቀሚስ፣ የአንገት ሐብል፣ ለእናቴም ጋቢ። ሽማግሌ ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ሲያንስበት ይታማል።»

«ይታማል ብቻ? አታቃጥሉትም?»

ቀልድ ነበር፤ ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ነው ነገሩን ያስረዱኝ። በእነሱ ዘንድ የሚከፍለው የሴቷ ቤት ነው። ሕግ ከከለከለው ቆይቷል፤ ሰው ግን በስጦታ ስም ይሰጣል፣ ይቀበላል። ከሰርጉ በኋላም «ከአባትሽ ቤት ይህን አምጪ፣ ያን አምጪ» ይቀጥላል። ልጅቷ ካላመጣች ትሰደባለች፣ ትመታለች፣ አንድ ቀን ማእድ ቤት ውስጥ ተቃጥላ ትገኛለች። «ምድጃው ፈነዳ ይላሉ» አሉኝ። «በእኔ አገር ምድጃ የሚፈነዳው ሙሽራ ላይ ብቻ ነው። አማት ላይ ሲፈነዳ አላየሁም።»

ጠዋት ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ ማለት ነው፣ ካቪታ የምትባል ወጣት ዐቃቤ ሕግ በቪዲዮ ትደውልላቸዋለች። እሳቸው ያሠለጠኗት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ልብስ እያጣጠፍኩ ስሰማ ስለ አንዲት ሟች ያወራሉ። ልጃቸው ከእኛ ጋራ ሲያወራ እንግሊዝኛ፣ ከእሳቸው ጋራ ሂንዲ ነው፤ ካቪታ ግን ስለ ሕግ ስታወራ እንግሊዝኛውን ስለምታበዛው ይገባኝ ነበር።

«ማዳም፣ ነገ ክስ ይመሠረታል። ሁሉም ግድያ ጨምሪበት ይሉኛል።»

«ማስረጃሽ ምን ይላል?»

«ተቃጥላ ሞታለች። የለኮሰውን ያየ የለም።»

«ከመሞቷ በፊትስ?»

«ሞተር ሳይክል አምጪ እያሉ ይመቷት ነበር። በዚያው ሰሞን ለአባቷ ደውላ አልቅሳለች።»

«እንግዲያው በእጅሽ ያለው የጥሎሽ ሞት ነው፤ እሱን አጥብቀሽ ጻፊ። ነገ የለኮሰውን ያየ ሰው ቢመጣ፣ ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ ክሱ ይሻሻላል። ዛሬ የሌለሽን አትጻፊ። ስለተናደድሽ ብቻ የሚጨመር ክስ የለም።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔ አላስችል አለኝ። ሰው ተቃጥሎ ሞቶ እንዴት ግድያ አይባልም ብዬ ሞገትኳቸው። ደስ ይላቸዋል ሲሞግቷቸው። «ስሚ ዌኒ» አሉኝ፣ «ግድያ ስትዪ የገደለውን እጅ ማሳየት አለብሽ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በር ተዘግቶ ነው፤ ምስክሮቹ ራሳቸው ገዳዮቹ ናቸው። ስለዚህ ሕጉ ሌላ መንገድ አበጀ። ሴቲቱ በተጋባች በሰባት ዓመት ውስጥ ከሞተች፣ አሟሟቷ የጤና ካልሆነ፣ ከመሞቷ በፊት በቅርቡ ባሏ ወይም ዘመዶቹ ስለ ጥሎሽ ካሰቃዩዋት፣ ይህን ካስረዳሽ ሕጉ ለሞቷ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው ብሎ ይገምታል። አይደለንም ማለት የነሱ ፈንታ ነው። አንድ ሰሞን የበላዩ ፍርድ ቤት በዚህ ክስ ላይ ሁሉ ግድያን ጨምሩ ብሎን ነበር፤ ኋላ ማስረጃው ሲፈቅድ ብቻ ብሎ አረመው። እኔ ድሮም ማስረጃውን ነበር የማየው።»

«ለመሆኑ ‹በቅርቡ› ሲል ስንት ቀን ነው?» አልኳቸው።

«እሱን ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከር የኖርኩት» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ስለ ሕጉ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ቤቱ ላውራ፤ ሰው የሚታወቀው እዚያ ነውና። ልጃቸው አኒል ኢንጂነር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመጣል። ሚራ ከቤት ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች፣ ፎቅ ላይ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ እንግልውድ ነው፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ሰው የምትወድ ልጅ። እትዬ ሱሺላ ከዚች ልጅ ምንም ነገር አይጠይቁም። ምንም ስል ምንም ማለቴ ነው። ጨው ቢርቃቸው ጨው የሌለው ይበላሉ። ብርድ ቢሰማቸው እኔ እስክመጣ ይቀመጣሉ። ሚራ አንድ ነገር ስትሰጣቸው ብድግ ለማለት እየሞከሩ «በጣም አመሰግናለሁ፣ በጣም ይቅርታ» ይላሉ፤ እሷም ፊቷ ይለዋወጣል። እኔ መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። ሐበሻ አማት እንዲህ ብትሆን ሙሽራይቱ በደስታ ሻማ ባበራች።

አንድ ቀን ፀጉራቸውን እያበጠርኩ በግልጽ ጠየቅኋቸው። ልጅቷን ይጠሏታል ወይ አልኳቸው።

በመልስ ፈንታ ስለ አንዲት ተከሳሽ ነገሩኝ። አሮጊት ናቸው፣ የሟች አማት። እትዬ ሱሺላ ያዘጋጁት ክስ በችሎት ይነበብላቸዋል፤ ዳኛው ፈጽመሻል ወይስ ትከራከሪያለሽ ብሎ ይጠይቃል። አሮጊቷ ግራ ተጋብተው «እኔ መጀመሪያ ሻይ አምጪ ነው ያልኳት» አሉ። «ከዚያ ያንን ሻርፕሽን አምጪ አልኳት። ከዚያ ከአባትሽ ቤት ፍሪጅ አምጪ አልኳት። ከዚያ ልጄ መታት። የቱ ጋ ነው ወንጀል የሆነው?»

«ችሎቱ ሳቀባቸው» አሉኝ እትዬ ሱሺላ። «እኔ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። ፍሪጁ ጋ ነው በሕጉ። እውነቱን ለመናገር ግን የጀመረው ሻይዋ ጋ ነው። መዝገቦቼን ሁሉ በሐሳቤ አገላበጥኩ፤ ማንም አማት በክብሪት አልጀመረችም። ሁሉም በ‹አምጪ› ነው የጀመረው። ስለዚህ እኔ አማት ስሆን አልጀምርም ብዬ ማልኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ከተጋቡ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። ሚራና አኒል ገና አራተኛቸውን እንኳ አላጋመሱም ነበር። እሳቸው ደግሞ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙ የነገራቸውን እኔም ሰምቻለሁ። ሰባት ዓመቱን እንደማይደርሱበት እሳቸውም ያውቃሉ፤ ያውቁና ይጠብቃሉ። ማበጠሪያውን አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ጠዋት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ክፍላቸውን ብከፍት ምንጣፉ ላይ ወድቀዋል። ዓይናቸው ተከፍቷል። ከንፈራቸው ደርቋል፣ እግራቸው ቀዝቅዟል። ሲነጋጋ ለመነሳት ሞክረው ነው የወደቁት። ፎቁ ላይ የሚራ ድምፅ ይሰማል፣ ስብሰባ ላይ ናት፣ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ቢጣሩ ትሰማቸው ነበር።

«እትዬ፣ ለምን አልተጣሩም?» አልኳቸው እያነሳኋቸው።

«ሥራ ላይ ናት» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን የተሰበረ አልነበረም። ቤቱ ግን ተሰበረ። አኒል ማታ መጣና ይህ እንደማይቀጥል፣ ነርሲንግ ሆም የሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ እንደሚሻል፣ ቦታም እንዳለ ተናገረ። እትዬ ሱሺላ አልተከራከሩም፤ እንዲያውም ቀለል አላቸው። «እዚያ ማንም የማንም ሙሽራ አይደለም» አሉ። ለሰኞ ተቀጠረ።

በማግስቱ ቆሻሻ ላወጣ ጋራዡን ስከፍት ሚራ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «እኔ ምን አድርጌያቸው ነው ዌኒ?» አለችኝ። «ወለሉ ላይ ሆነው ስስቅ ይሰሙኝ ነበር። ሞተውም ቢሆን አይጠሩኝም ነበር። እናቴ ሃይስኩል ሳልጨርስ ነው የሞተችው። ሳገባ ሌላ እናት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሆቴል እንዳረፈ እንግዳ ያመሰግኑኛል። ሰኞ ከሄዱ አለቀ።» አብሬያት ተቀመጥኩ።

ኤጀንሲው በቤተሰብ ጉዳይ አትግቡ ይላል፤ በትሬኒንጉም ደጋግሞ ነግሮናል። እኛ ደግሞ ሰው ሲጣላ መሐል ገብተን ካላስታረቅን እንቅልፍ የማይወስደን ሕዝብ ነን። ችግሩ፣ ለዚህኛው ጠብ ሽማግሌ መላክ አይሆንም። «ተዪ ልጄ፣ ተይው እናቴ» የሚባልበት አይደለም። እሳቸው የሚሰሙት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፊታቸው ቆምኩ።

«ዛሬ ክስ አለኝ» አልኳቸው።

«አለቃሽ ደግሞ ምን አደረገች?»

«እሷ አይደለችም። እርስዎ ላይ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ሶፋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። «አንብቢ» አሉኝ።

የተጻፈ ነገር የለኝም፤ ከልቤ ነው የማነበው። «ተከሳሽ ሱሺላ፣ የሚራ አማት፣ እዚህ ሴንቴኒያል፣ በልጃቸው ቤት፣ ከመጡ ጀምሮ ሁልጊዜ...»

«‹ሁልጊዜ› አይባልም አልኩሽ። በ‹ሁልጊዜ› የተከሰሰ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ቀን ስጪኝ።»

«ማክሰኞ ጠዋት» አልኳቸው። «ወለሉ ላይ ወድቀው፣ ድምፅ እያለዎት፣ ሚራ ከላይ እያለች አልተጣሩም። ይህን በማድረግዎ በሕይወት ያለችውን ልጅ እንደ ሟች ቆጥረዋታል። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ሙሽራ ሁሉ ሞታለች። ሚራ ግን አልሞተችም እትዬ። ፎቅ ላይ ናት።»

እኔ ከሥራ የምባረርበትን ቀን እየጠበቅኩ ነበር።

«አማራጭ ክስ አለሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «የመጀመሪያው ባይጸና ማለቴ ነው።»

«አለኝ። በአማራጭ፣ ኩራት።»

ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ። «ጥሩ ተመሥርቷል» አሉ። «አልፈጸምኩም፤ እከራከራለሁ። ምስክርሽን ጥሪ።»

ሚራን ከላይ ጠራኋት። ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ እንዳለ ወረደች፤ ምን እንደምናደርግ ስነግራት መጀመሪያ ያበድን መሰላት። ከዚያ የአማቷን ፊት አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋራዥ ውስጥ ያለችኝን ሁሉ ደገመችላቸው፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ሳቋ። አላለቀሰችም። እትዬ ሱሺላ አላቋረጧትም። ስትጨርስ መስቀለኛ ጥያቄ አለኝ አሉ።

«ዛሬ ሻይ አምጪልኝ ብልሽ ታመጫለሽ?»

«አመጣለሁ።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ብጠይቅ? ከነገ ወዲያ ደግሞ ከዚያ የበለጠ? ሰው ሲሰጡት ማቆም አያውቅበትም፤ እኔ አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። አንድ ቀን የማይገባኝን ብጠይቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሚራ ጥያቄው ገርሟት «እምቢ እላለሁ» አለች።

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ ነዋ። ‹ኖ› እልዎታለሁ ማሚጂ። ዛሬም ለልጅዎ ብዬዋለሁ። ሳይደክመኝ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ።»

እትዬ ሱሺላ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲርገበገብ እኔ ደንግጬ ልጠጋ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ከእነዚያ ልጆች አንዷ እንኳ ይህችን ቃል ማለት ብትችል ኖሮ» አሉ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«ኖ።»

«አንዴ ደግሞ።»

«ኖ፣ ማሚጂ» አለች ሚራ፣ አሁን እያለቀሰች።

ከዚያ የሆነውን እኔ ካየሁት ሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ያች የኮራች ሴት ጉንጉናቸውን ወደ ፊት ሳቡና፣ እኔን ሳይሆን ሚራን እያዩ፣ አፍረው፣ ልጅ ሆነው «ፀጉሬን ዘይት ትቀቢኛለሽ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ሚራ እየሮጠች ዘይቱን ልታመጣ ሄደች። እኔም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ የእኔ ቦታ እዚያ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ነርሲንግ ሆሙ ቀረ። ሚራ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወሰደች፤ ማጠቡን፣ ማንሳቱን፣ መድኃኒቱን እኔው አስተማርኳት። ፈጥና ለመደችው። ብዙም ሳይቆይ አኒል በጣም አመስግኖ ኬርጊቨር እንደማያስፈልጋቸው ለኤጀንሲው ነገረ። ክሴ ጸናና ሥራዬን አጣሁ ማለት ነው። የመጨረሻው ቀን እትዬ ሱሺላ እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። «ጎበዝ ዐቃቤ ሕግ ይወጣሽ ነበር» አሉኝ፣ «ግን ትቸኩያለሽ።» ኤጀንሲው እንግልውድ ወደሚኖሩ ሌላ ሽማግሌ ላከኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያያሉ። እኔ ግን ስንት ጠዋት በሐሳብ ጭልጥ ብዬ የሴንቴኒያሉን መውጫ ይዤ ተመልሻለሁ። ለዓመት በዓላቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ አንድ ሁለቴም ደወልኩ። ከዚያ ሺፍት ተደራረበ፤ ናፍቆቱን ይዤ ተቀመጥኩ።

ለቅሶው ቀን ሥራ አስፈቅጄ፣ እንደ ወጉ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ቤቱ ሙሉ ነጭ ለብሷል። ሴቱም ወንዱም ነጭ፤ ለካ የእነሱ የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። እኔ ብቻዬን ከሰል መስዬ በሩ ላይ ቀረሁ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሚራ ከሰው መሐል ተነስታ መጣች፣ እጄን ይዛ አስገባችኝና ከቤተሰቡ ጋራ፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠችኝ። ጥቁሩን ማንም ምንም አላለኝም።

ሰው ሲሳሳ ወደ ማእድ ቤት ወሰደችኝ። ከስታለች። የነገረችኝም ይህን ነው።

«በመጨረሻው ሳምንት ስምሽን ይጠሩ ነበር። ልደውልላት ወይ ስላቸው ዝም ይሉኛል። በር በተከፈተ ቁጥር አንቺ የመጣሽ እየመሰላቸው ቀና ይላሉ። ኋላ ራሳቸው ‹ተይ፣ አትደውዪላት› አሉኝ። ‹እሷ ከመጣች እኔ የማየው ወደ እሷ ነው፣ አንቺም ከአልጋዬ ትርቂያለሽ። እንዳትርቂብኝ› አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። አየሽ፣ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እንዴት እንደናፈቁሽ እያየሁ እሺ አልኩ። ትቀየሚኛለሽ ዌኒ?»

እንዴት ብዬ እቀየማታለሁ? እቅፍ አደረግኋትና «ደግ አደረግሽ፣ የፈለጉትን ነው ያደረግሽላቸው» አልኳት። እውነቴን ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግኩ ቆየሁ።

ያላልኳት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ይዤ ነው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ የተቀመጥኩት። ብትደውይልኝ ኖሮ ሺፍቱን ጥዬ እመጣ ነበር፤ ሳልገባ፣ በሩ ላይ ቆሜ ብቻ አይቻቸው እመለስ ነበር። ይህን ብላት ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች፤ ስለዚህ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። እትዬ ሱሺላ አልጋቸው አጠገብ ልጅ ይፈልጉ ነበር፣ አገኙ። እኔ ደግሞ ናፍቀውኛል።